አልገባኝም በጃፓንኛ

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ካልሲ ሠርቻለሁ። የሚቀልድብኝ ሰው አይጠፋም፤ ይቀልድ። እኔ ግን አንድ ካልሲ አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርጋ ሳደርገው የትኛው ማሽን እንደሠራው፣ ማሽኑ ዘይት ከጠማው ስንት ቀን እንደሆነው፣ የሠራችው ልጅ በዚያን ቀን ከማን ጋር ተጣልታ እንደነበር ሁሉ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛዋን ከራሴ ጨመርኳት። ሁለቱ ግን እውነት ናቸው፤ የፈለገ መጥቶ ይፈትነኝ።

እና ከጃፓን አዲስ ማሽን ሊመጣ ነው ሲባል በደስታ የምይዘው የምጨብጠው የጠፋኝ እኔ ነበርኩ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ከእኔ ጋር አርጅተዋል፤ ጠዋት ሲነሱ እንደኔው ያቃስታሉ። አዲሶቹ አሥራ ሁለት ሆነው በእንጨት ሳጥን ታሽገው መጡ። ሳጥኑ ሲከፈት የወጣው የአዲስ ዘይትና የአዲስ ላስቲክ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ደስታዬ እስከ ምሳ ሰዓት እንኳን አልቆየልኝም። አለቃ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። አለቃ የምንለው የክፍላችንን ኃላፊ ነው። እኔና እሱ በአንድ ሳምንት ነው የተቀጠርነው፤ ክር በመርፌ ማስገባት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን እሱ መርሳት ይወዳል፣ እኔ ደግሞ ማስታወስ እወዳለሁ። ወረቀቱ የሚለው አሮጌዎቹ ማሽኖች በወሩ መጨረሻ ይነሳሉ፣ አሥር ሠራተኞች ለሦስት ሳምንት ይሠለጥናሉ፣ በመጨረሻው ቀን ይፈተናሉ ነው። ካለፉት ውስጥ አራት ሰው አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይመደባል። የቀረው ወደ ማሸጊያ ክፍል ይዛወራል።

ማሸጊያ ማለት ካልሲን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማጠፍና ወረቀት መለጠፍ ነው። የማሸጊያ ልጆች ይቅር ይበሉኝ፣ ሥራቸውን ንቄ አይደለም። ግን እኔ እጄ ማሽን ላይ ካልሆነ ሰውነቴ አይታዘዘኝም። የባሌን ሐዘን የተወጣሁት ማሽን ላይ ቆሜ ነው፤ ልጄን ያሳደግኳትም ማሽን ላይ ቆሜ ነው። ከማሽን አውርዳችሁ ካልሲ አጣጥፊ ከምትሉኝ እኔን ራሴን አጣጥፋችሁ ካርቶን ውስጥ ክተቱኝ። ይህን ለአለቃም ነግሬዋለሁ።

ከአሥሩ አንዷ ሆኜ ተጻፍኩ። አለቃ ወረቀቱን ለጥፎ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞር አለና፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ለአዲስ ነገር ትንሽ አልዘገየም ወይ አለኝ። ደሜ ፈላ። አንተስ ስንት ሞላህ አልኩት። ወደ ቢሮው ሄደ።

አሠልጣኙ በማግስቱ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩ ከግማሽ በላይ የሸበተ ጃፓናዊ ነው። ስሙን ሦስቴ ነገሩን፣ ሦስቴም ጠፋብን። እጁ ላይ ግን ሁልጊዜ ነጭ ጓንት ስለማይጠፋ ጓንቴ አልነው፤ በቁልምጫ ነው። ከእሱ ጋር ከውጭ የተቀጠረ አስተርጓሚ አብሮ መጣ። ጃፓንኛውን ያውቃል ይባላል፤ ካልሲ ግን አያውቅም። ጓንቴ ማሽኑን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ሙሉ ያስረዳል፤ አስተርጓሚው ግንባሩን ያሻሻል፤ ከዚያ ጥንቃቄ ያስፈልጋል እያለ ነው ይለናል። እሺ እንላለን። ጓንቴ ሌላ አምስት ደቂቃ ያስረዳል። አስተርጓሚው በጣም ጥንቃቄ ያስፈልጋል ይላል። እሺ እንላለን።

በሁለተኛው ቀን፣ እግዜር ይስጠውና፣ አንዲት ቃል አስተማረን። ዋካሪማሽታ። ገባኝ ማለት ነው አለን። እሷን በሉት ደስ ይለዋል፣ እሱ ደስ ሲለው ደግሞ ሥልጠናው ይፈጥናል። በሦስተኛው ቀን የተሻለ ሥራ አግኝቶ ላጥ አለ። ቃሏ ብቻ እጃችን ላይ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባታዩት ይሻላችኋል። ጓንቴ አንድ ነገር ያሳይና ቀና ብሎ «ዋካሪማስ ካ?» ይለናል፤ ገባችሁ ወይ ማለቱ ነው። አሥራችንም በአንድ አፍ ዋካሪማሽታ እንላለን። እሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለእኛ ቃሏ እሺ ማለት ነበረች። እሺን ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ገብቶን እሺ፣ ሳይገባን እሺ፣ ላንመጣ እሺ፣ ሰውን ላለማስቀየም እሺ። እንግዳ ሰው ያን ያህል ደክሞ አስረድቶ ሲያበቃ አልገባኝም ማለት ለእኛ እንደ ስድብ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ዲፕሎማ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ስሙ የወጣለት ቀኑን ሙሉ ዲፕሎማዬ ዲፕሎማዬ ስለሚል ነው። እሱማ ጓንቴ ተናግሮ ሳይጨርስ ነው ዋካሪማሽታ የሚለው። ጭራሽ እንደ ጓንቴ ነጭ ጓንት ገዝቶ አጥልቆ መጣ። አለቃ አይቶ ወደደለትና ለሁላችንም አስገዛ። አሥር ሰው፣ ሃያ ነጭ እጅ፣ አንድ ዋካሪማሽታ። ላየን ሰው ካልሲ የምንሠራ ሳይሆን ልብ የምንቀይር እንመስላለን።

እኔም እል ነበር፤ አልዋሽም። በአምስተኛው ቀን ማሽን ላይ ሳለሁ ክር ተበጠሰ። ክር ሲበጠስ ምን እንደሚደረግ ጓንቴ ከሁለት ቀን በፊት አሳይቶናል፣ እኔም ዋካሪማሽታ ብያለሁ። በአሮጌው ማሽን ልማዴ ክሩን ቋጠርኩና አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ማሽኑ ሲቆም አሥራ ስድስት መርፌ ተሰብሯል። በሃያ አራት ዓመቴ በአንድ ቀን አሥራ ስድስት መርፌ ሰብሬ አላውቅም።

ጓንቴ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የተሰበሩትን አንድ በአንድ ለቅሞ መዳፉ ላይ ደረደራቸው። ከዚያ ሁሉንም እንደገና አሳየኝና ቀስ ብሎ «ዋካሪማስ ካ?» አለኝ። እንኳን ሊገባኝ ዓይኔም አላየም፤ እፍረቱ ጋርዶኛል። አፌ ግን ቀደመኝ። «ዋካሪማሽታ» አልኩ። ጓንቴ መርፌዎቹን አየ፣ እኔን አየ። ያቺ አስተያየቱ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ።

ቤት ስገባ ድስት አንኳኳሁ፣ በር ወረወርኩ። ልጄ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ አብረን ነው የምንኖረው፤ እንዲህ ስሆን መንገድ መልቀቅ ታውቅበታለች። ስበርድላት ጠብቃ ምን ሆንሽ አለችኝ። ማሽኑ ሰይጣን ነው አልኳት፤ ሰውየው ሲናገር ነፋስ ነው የሚሰማኝ አልኳት፤ አለቃ መውደቄን አድብቶ እየጠበቀ ነው አልኳት። እሷ ይህን ሁሉ ሰምታ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ካልገባሽ ለምን ገባኝ አልሽው?»

«ሌላ ቃል አላውቅማ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስልኳን አውጥታ ስትነካካ ቆየችና ቃሉ ግሥ ነው አለችኝ። ሥሩ ዋካሩ ነው፣ መረዳት ማለት ነው፣ ጃፓን አገር ልጅ አዋቂው ቀኑን ሙሉ የሚለው ተራ ቃል ነው፤ ጀማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ግሦች አንዱ ነው። አንቺ ያወቅሽው ግማሹን ነው፣ ሌላው ግማሽ ይኸውልሽ ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስጠጋችው። አንዲት ሴት ቀጠን ባለ ድምፅ «ዋካሪማሴን» አለች። አልገባኝም ማለት ነው።

ዕቃ እያጠብኩ አልኩት። ልብስ እየሰበሰብኩ አልኩት። ልጄ ከጓዳ ሆና ዋካሪማስ ካ ትለኛለች፣ እኔ ዋካሪማሴን እላለሁ። ምላሴስ በአምስት ደቂቃ ለመደው፤ የከበደኝ ሌላ ነው። በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንዴት ብዬ አልገባኝም ልበል? ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የሒሳብ መምህራችን ገባችሁ ሲሉ ገባን እያልኩ ነው ፈተናውን የወደቅኩት፤ ትምህርቴም እዚያው ቀረ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለልጄ ስነግራት፣ ነገ አንዴ ብቻ በዪው፣ ሁለተኛው ይቀልሻል አለችኝ።

በማግስቱ ጓንቴ ክሩ ማሽኑ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ አሳየን። ክሩ ከተጠቀለለበት ተነስቶ በአምስት ቦታ አልፎ መርፌዎቹ ጋ ይደርሳል። ሲጨርስ ቀና ብሎ ዋካሪማስ ካ አለን። ዘጠኝ ድምፅ ዋካሪማሽታ አለ። እኔ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ሁሉም ወደሚቀጥለው ማሽን መራመድ ሲጀምር ነው የወጣልኝ።

«ዋካሪማሴን።»

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ዲፕሎማ ክትክት ብሎ ሳቀ። አለቃ በቢሮው መስኮት አንገቱን አወጣ።

ጓንቴ አልሳቀም። ትንሽ አየኝ። ከዚያ ከመጣ ጀምሮ በፊታችን አውልቆት የማያውቀውን ጓንት ጣት በጣት እየሳበ አወለቀና ኪሱ ከተተው። ክሩን በባዶ እጁ ያዘ፤ አንቺም አውልቂ አለኝ በምልክት። አወለቅኩ። ጣቴን ክሩ ላይ አስቀምጦ፣ የራሱን ዓይን ጨፍኖ እያሳየኝ፣ ጨፍኚ አለኝ። ጨፍኜ ክሩን በጣቴ ጫፍ ተከተልኩት፤ አንደኛው ቦታ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ከክዳን ጀርባ ያለች ትንሽ የሸክላ ቀለበት ናት። በዓይን አትታይም፤ ጣት ሲደርስባት ግን ቀዝቀዝ ትላለች። ስትቀዘቅዘኝ ደነገጥኩና ዓይኔን ገለጥኩ። ጓንቴ ፈገግ ብሎ ነበር።

ለካ ጓንቱ ለዘይት ነው፤ ለክር የሚሠራው ባዶ እጅ ነው። ይህን ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። አለቃ የገባቸውን ሻይ ጠጡ ብሎ ለቋቸዋል።

የዚያን ቀን ሰባት ጊዜ ዋካሪማሴን አልኩ። ልጄ እውነቷን ነው፣ ከሁለተኛው በኋላ ቀለለኝ። በማግስቱ አሥራ አንድ ጊዜ አልኩ። ቃል አልደርስ ሲለን ጓንቴ ይስልልኛል። ወረቀት ፍለጋ አይሄድም፤ ከክር ካርቶኑ ክዳን ቀደድ አድርጎ በእርሳስ እጅ ይስላል፣ መርፌ ይስላል፣ ቀስት ያደርጋል፣ የማይነካው ላይ ጭረት ያደርጋል። ቁራጮቹን ቁጥር እየሰጠሁ በፀጉር ላስቲክ አሰርኳቸው። ቤት ስገባ ልጄ እራት እየበላን አንዱን ትመዛለች፣ እኔ አስረዳታለሁ። አሁን እሷም ብትመጣ ካልሲ ታወጣለች።

ሰው መቼም ዝም አይል። ስሜ ዋካሪማሴን ሆኖ ቀረ። ምሳ ሰልፍ ላይ ዋካሪማሴን ተራሽ ደረሰ ይሉኛል። መጸዳጃ ቤት በር ላይ ዋካሪማሴን ሰው አለበት፣ ገባሽ ይሉኛል። ወሬው ማሸጊያ ክፍል ደርሶ፣ እዚያ ያለች የድሮ ጓደኛዬ ወንበርሽን ወልውዬልሻለሁ ብላ ላከችብኝ። ላይ ላዩን እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ድብን ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ አለቃ ቢሮ ጠራኝ። ቁጭ በይም አላለኝ። ሰውየው በየቀኑ ለሥራ አስኪያጇ ሪፖርት እንደሚጽፍ ታውቂያለሽ አለኝ። ምን ብሎ እንደሚጽፍስ? የዚህ ፋብሪካ ሠራተኛ ነገር አይገባውም ብሎ ነው የሚጽፈው። ዘጠኙ ስማችንን ሲያስጠሩ አንቺ አንገታችንን ታስደፊናለሽ አለኝ። ይህን ሁሉ ቆሜ ሰማሁት።

«ከነገ ጀምሮ ያቺን ቃል ከአፍሽ ከሰማሁ ፈተናውን አትጠብቂ። ቀጥታ ወደ ማሸጊያ ነሽ።»

«ሳይገባኝ ገባኝ ልበል?»

«እንደ ሰው ሁኚ ነው የምልሽ።»

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ድስት አላንኳኳሁም። ልጄ የፈራችው ያኔ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቃሉን ካልኩ ነገ ከማሽን እወርዳለሁ፤ ካላልኩ ደግሞ የፈተናው ቀን መርፌ ሰባብሬ እወርዳለሁ። የቱን ልያዝ አልኳት። እሷ ይህን አድርጊ አላለችኝም። የካርቶን ቁራጮቼን ከቦርሳዬ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። በጣቷ እየነካች ይህ ምንድን ነው፣ ይህስ፣ ትለኛለች። እያለቀስኩ ሁሉንም መለስኩ፤ አንድም አላመለጠኝም። አሥራ ዘጠኙም ዋካሪማሴን ብዬ ያገኘኋቸው ናቸው።

ጠዋት አለቃ ሆን ብሎ ከኋላዬ ቆመ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ጓንቴ የተረከዙን አሠራር አሳየን። ማሽኑ ተረከዝ ጋ ሲደርስ ዙሪያውን መዞር ትቶ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ምን እንዲያ እንደሚያደርገው ዓይኔን ባፈጥም አልገባኝም። ጓንቴ ቀና ብሎ ጠየቀ፣ ዘጠኙ ዋካሪማሽታ አሉ። ጓንቴ ግን አላለፈም። ከሰው መሃል ፈልጎ እኔን አየኝና ጠበቀ። አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዋካሪማሴን» አልኩ። አለቃ ደግሞ አልሰማሁም እንዳይል ጮክ አድርጌ ነው ያልኩት።

አለቃ ክንዴን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ጓንቴ ጓንቱን አውልቆ ጨርሷል። መጥቶ በሁለታችን መሃል ገባና ማሽኑ ላይ አጎነበሰ። እንግዳ ፊት ጭቅጭቅ አያምርም፤ አለቃ ጥርሱን ነክሶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሲሄድ በጆሮዬ፣ የማሸጊያው ዝርዝር ላይ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ አለኝ። ይሁና አልኩ በሆዴ። እስከዚያ ግን ተረከዙን እማራለሁ። ከዚያ ወዲያ ጓንቴ በየቀኑ እኔን እየጠበቀ ስለሚያስረዳ፣ አለቃ ከፈተናው በፊት ሊያነሳኝ አልደፈረም።

የፈተናው ቀን ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው መጡ። አስተርጓሚውም ለዚያች ቀን ብቻ ተጠርቶ ነበር። አለቃ ለሁላችንም አዲስ ነጭ ጓንት አደለን፤ ሥራ አስኪያጇ ሲያዩን ደስ እንዲላቸው ነው። የእኔ የካርቶን ቁራጭ ሠላሳ አንድ ደርሶ የሽርጤን ኪስ ወጥሮታል። አለቃ ተራ ሲያስይዘን እኔን መጨረሻ ላይ አደረገኝ።

ጓንቴ አሥር ማሽን አሰናድቷል። አሥሩም ላይ ቀይ መብራት በርቷል፤ ክር ተበጥሷል የሚል ምልክት ነው። ክሩ ግን የትም አልተበጠሰም፤ ጉዱ እሱ ላይ ነው። መብራቱን አጥፍቶ አንድ ካልሲ ማውጣት ነው ፈተናው።

ዲፕሎማ መጀመሪያ ገባ። ክሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ አየው፣ ደህና ነው። ወደ ጓንቴ ዞሮ ዋካሪማሽታ አለና አረንጓዴውን ተጫነ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቀጥሎ የገባችው ልጅ ክሩን በጥሳ እንደገና ቋጠረችው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ሦስተኛው ዘይት ጨመረ፤ ቀጭ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያለ ዘጠኝ ደረሰ። መርፌ በተሰበረ ቁጥር ሥራ አስኪያጇ አለቃን ያዩታል፣ አለቃ ደግሞ ጣሪያውን ያያል። እኔ ሰዎቹ አሳዘኑኝ፤ ስቀውብኛል፣ ግን አሳዘኑኝ።

ተራዬ ደረሰ። ማሽኑ ፊት ቆምኩ። ቀይ መብራት፣ ደህና ክር፣ አረንጓዴ ቁልፍ። እንዲህ ያለውን ብልሽት ጓንቴ አሳይቶኝ አያውቅም። ጣቴ፣ የሃያ አራት ዓመት ልማድ አይደል፣ ወደ ቁልፉ ይሄድብኛል። ያን ጊዜ ጓንቴ ከጎኔ ሆኖ ጠየቀኝ።

«ዋካሪማስ ካ?»

አለቃ ከኋላዬ፣ በናትሽ ዛሬ እንኳን ሲል ሰማሁት።

«ዋካሪማሴን» አልኩ። አስተርጓሚው ማንም ሳይጠይቀው አልገባኝም እያለች ነው ብሎ ለሥራ አስኪያጇ ተረጎመላቸው። አለቃ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እኔ የእጄን ጓንት አወለቅኩ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብዬ። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከካርቶኖቼ ጋር ከተትኩት። ዓይኔን ጨፈንኩና ክሩን በጣቴ ጫፍ ይዤ መውረድ ጀመርኩ። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ደህና። ክዳኑ ጀርባ እጄን ሳስገባ ቅዝቃዜዋን ጠበቅኩ። የለችም። መለስ ብዬ እንደገና ሄድኩበት፤ የለችም። ክሩ በቀለበቷ ውስጥ መግባቱን ትቶ በጎኗ ነው የሚያልፈው። ረግቦ ስለሚሄድ ማሽኑ ክር ያለ አይመስለውም፤ ሲነሳም ክሩ መርፌዎቹ ላይ ይጠመጠማል። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ክሩን በቀለበቷ አሳለፍኩት። ቀዩ መብራት ምንም ሳልነካው በራሱ ጠፋ።

አረንጓዴውን ተጫንኩ። ቀጭ የሚል ነገር የለም። ማሽኑ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ተረከዙ ላይ ይመላለሳል፣ ደግሞ ይዞራል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰው እንኳን አላሳለም። ካልሲው ቅርጫቱ ውስጥ ዱብ አለ። ገና ትኩስ ነው። አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁት፤ አንድ የሳተ የክር ዓይን የለም። ወደ ጓንቴ ዞርኩ።

«ዋካሪማሽታ» አልኩት። ከአሥራ ስድስቱ መርፌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጓንቴ ከወገቡ ጎንበስ አለልኝ። ለማንም እንደዚያ ሲያጎነብስ አላየሁም፤ ለሥራ አስኪያጇም ጭምር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ማን ያያል ብዬ ግድም አልሰጠኝ።

ሥራ አስኪያጇ እንግዲህ ማንን እንመድብ ብለው ጠየቁት። ጓንቴ የሪፖርት ደብተሩን ከፍቶ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ዛሬስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ብሎ አላለፈውም፤ ቃል በቃል ነገራቸው።

«ዘጠኙ ምን እንደሚያውቁ እኔ አላውቅም። ሁልጊዜ ገብቶናል ነው የሚሉኝ። እሷ የማታውቀውን ነግራኛለች፤ ስለዚህ የምታውቀውን አውቃለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ያለው በሙሉ የእሷ ጥያቄ ነው፤ ለሌሎች ፋብሪካዎችም ከዚህ ወዲያ የማስተምረው በእሱ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ደብተሩን ተቀብለው አገላበጡት፤ በካርቶን ላይ የሳለልኝ ሁሉ በንጹሕ ተስሎ አለ። ከዚያ ወደ አለቃ ዞረው፣ ነገር የማይገባት አንዲት ሴት አለች ብለህ የነገርከኝ ይህችን ነው ወይ አሉት። ወዲያው ወሰኑ። የመጀመሪያዋ ተመዳቢ እኔ ነኝ። ሌሎቹን ሦስት ቦታዎች ለመሙላት ሥልጠናው ከመጀመሪያው ይደገማል፤ አሠልጣኟ እኔ ነኝ። ማሽኑን የማያውቅ ሰው ክፍሉን ሊመራ ስለማይችልም አለቃ አብሮ ይሠለጥናል።

ጓንቴ በማግስቱ ሊሄድ ሲል አንድ ጥንድ ካልሲ ሰጠሁት፤ አንዱ የፈተናው ነው፣ ሌላውን ጥንድ እንዲሆነው ጠዋት ሠራሁለት። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀና አጠለቃቸው። አጥልቋቸው ነው የሄደው።

ሰኞ ሥልጠናውን ጀመርኩ። ዘጠኙ ከፊቴ ቆሙ፣ አለቃ ከሁሉም ኋላ ነው። ሁሉም ጓንት አጥልቀዋል። የክሩን መንገድ ከአንድ እስከ አምስት አሳየኋቸው። ገባችሁ አልኩ። እሺ አሉ፣ ሁሉም በአንድ አፍ።

አላለፍኩም። እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ። ዲፕሎማ ጫማውን ያያል፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከኋላ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። አለቃ ነው። ፊቱ በላብ ወርዝቷል፣ ድምፁ ከወትሮው ግማሹ ነው።

«ዋካሪማሴን» አለ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ምን እዋሻለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳብላላው የሰነበትኩት ነገር ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ሃምሳ አንድ ዓመት አልዘገየም ወይ ልለው ነበር። ወንበርህን ማሸጊያ ክፍል ወልውለውልሃል ልለው ነበር። ከዚያ ጉልበቱን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ።

«ጓንትህን አውልቅና ወደዚህ ና» አልኩት።

መጣ። ከሃያ አራት ዓመት በፊት እንዳደረግኩት ጣቱን ይዤ ክሩ ላይ አስቀመጥኩለትና ዓይንህን ጨፍን አልኩት።